በወይኑ ምድር ቤት የተነሳኸው ፎቶ

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለጋሼ ጠና፣

እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ጨንቆኝ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ብትቆጣኝም ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። እማዬ አንተ ቄስ ልትሆን ነው ብላ ለሰው ሁሉ ተናግራለች። እንደዚያ እንዳልሆነ እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤህ ከነፎቶው የደረሰን ባለፈው ወር ነው። አባባ ሾኔ ገበያ ሄዶ ስለነበር ለእማዬ እኔ አነበብኩላት። እንደምታውቀው አማርኛውን በዓይኔ እያየሁ በሀዲይኛ እነግራታለሁ። ቅዳሜና እሑድ አብረውህ ከሚማሩት የቬትናምና የአንጎላ ልጆች ጋር በአውቶቡስ ሆናችሁ ቶካይ ወደሚባል የሃንጋሪ አገር መሄዳችሁን፣ እኛ ጓሮ እንሰት እንዳለ እዚያ በየቤቱ ጀርባ ወይን መኖሩን ነገርኳት። ደስ አላት። "ከዚያስ?" አለችኝ።

ከዚያ ያለው፣ ምድር ቤት ወርዳችሁ ከየበርሜሉ እየቀዱ እንዳቀመሷችሁ፣ ስትወጣም ደረጃው ሁለት ሆኖ እንደታየህ ነው። እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ከሄድክ ጀምሮ "በዚያ አገር እግዜር የለም ይላሉ" እያለች ስንት ቀን እህል ሳትቀምስ እንደምትውል አንተ አታውቅም። ዘለልኩትና ፎቶውን ሰጠኋት።

ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ይዛው ሄደች። እማዬ ወይን የምታውቀው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ ላይ ብቻ ነው። አንተ በአንድ እጅህ ሻማ፣ በአንድ እጅህ ብርጭቆ ይዘሃል። ጣሪያው ክብ ድንጋይ ነው። ረጅም ነጭ ሽርጥ ያደረገ ሽማግሌ በመስታወት ቱቦ ይቀዳልሃል። ከጎንህ ሻሽ ያሰረች ሴት ቆማለች።

"ትርፊት" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እኛ ዘንድ ጽዋውን የሚነካው ማነው?"

"አባ ናቸው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ሰው አይነካም።"

"እንግዲህ ልጄን ተመልከቺው። ይቺስ መነኩሲት ናት?"

"እ..." አልኩ። አዎ ማለቴ አልነበረም። ቀና ስል ግን እማዬ ተንበርክካ ነበር። የዚያን ቀን ቆጮውን በጎመን ጠግባ በላች።

በእሑዱ ፎቶህ በቤተ ክርስቲያን ከሴት ወደ ሴት ዞረ። ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን እትዬ ከበቡሽ እንኳ ሰምታ መጣች። "የእኛ ቢሆን አግብቶ ይቀስስ ነበር፤ የእናንተ ቄስ ግን ስለማያገባ የልጅ ልጅ አያሳይሽም" ብላ ቀለደችባት። እማዬ ሳቀች። ጋሼ፣ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቀኑ ሄደ።

ትናንት የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ዋለ ቤታችን መጡ። ግቡ ቢባሉም በሩ ላይ ቆሙ።

"ጓድ ኤርሲዶ" አሉት አባባን፣ "ልጅህን መንግሥት የላከው እርሻ እንዲማር ነው ወይስ ቅዳሴ?"

"እርሻ ነው እንጂ።"

"ከተማው ሁሉ ቄስ ሆነ ይላል። ይህ ነገር አዲስ አበባ ከደረሰ የትምህርት ዕድሉ ይሰረዛል፤ ልጁም ይመለሳል። ደህና ልጅ ነው ብዬ የመሰከርኩለት ደግሞ እኔ ነኝ።"

እማዬ ከጓዳ በሀዲይኛ "ቄስ መሆን ስርቆት ነው?" አለች። አባባ ዝም በይ አላት። አቶ ዋለም ሀዲይኛ ይሰማሉ። "ረቡዕ ጠዋት ፎቶውን ይዘህ ቅረብ" ብለው ሄዱ። ረቡዕ ነገ ነው።

አባባ ወደ እኔ ዞረና "ልጄ፣ ደብዳቤው በትክክል ምን ይላል?" አለኝ። ውሃ ልቅዳ ብዬ እንስራ ይዤ ወጣሁ። እንስራው ግን ሙሉ ነበር። እሱም አይቷል መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ የምትታየኝ አንተ ነህ፤ ሻንጣህን ይዘህ መናኸሪያ ስትወርድ፣ ትምህርትህ በእኔ ምክንያት ተቋርጦ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደዚያ ሆነህም ብትመጣ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው አፈርኩ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ወይኑ፣ ማታ ስለ ዘፈናችሁት ዘፈን ሁሉ ጽፈሃል። መቼ እንደምትመጣ ግን አልጻፍክም።

ፎቶውንም ደጋግሜ አየሁት። የኮትህ እጅጌ አጭር ነው፤ ይበርድሃል። ጋሼ፣ መነኩሲት የሰው ክንድ እንደዚያ አትይዝም።

አሁን እማዬ ስለ አንተ ልትጸልይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በእኔ ፈንታ እናት ማርያም ትሁንልህ እያለች ነው የምትመርቅህ። እኔም ከዚያ የተሻለ ምርቃት አላውቅም። ብርዱ ይራራልህ፣ የምታገኘው ሰው ሁሉ እንደ ወንድም ይይህ።

ነገ በማለዳ እማዬ እንሰት ልትፍቅ ጓሮ ስትወጣ አብሬያት እወጣለሁ። እጇ ሥራ ሲይዝ ዓይኗ ስለማያየኝ ለመናገር ይቀለኛል። ቦታው የወይን መጥመቂያ እንጂ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሆነ፣ ሽማግሌውም ቄስ እንዳልሆነ እነግራታለሁ። ታለቅሳለች። በቀበሌ በሰው ፊት ከምትሰማው ግን ከእኔ ትስማው። ከዚያ ከአባባ ጋር ቀበሌ ሄጄ ደብዳቤህን አነብላቸዋለሁ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው ያስጎበኘን ያልከውን ጮክ ብዬ፣ ደረጃው ሁለት የሆነብህንም ሳልዘል። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ የማላውቀው እኔ ነኝ ይህን የምልህ። ይሳቁብህ፤ ከሳቁ ትምህርትህን አይነኩም።

እማዬ ሻሽ ስላሰረችው ሴት ከጠየቀችኝ ግን አላውቅም ነው የምላት። የእሷን ነገር አንተው መጥተህ ንገራት።

እህትህ ትርፊት ኤርሲዶ