ጎማው አልወርድ ላለው አውሮፕላን አለቃ፣ ከአስተናጋጇ እናት

ለተከበሩ የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን እንዳየሁዎት ፊትዎ በርቷል፣ ክራቫትዎም አምሮብዎታል፤ እንቅልፍ የጠገበ ሰው መቼም ያስታውቃል። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ስለሆንኩ አያውቁኝም። ልጄን ግን ሳያውቋት አይቀሩም፤ ጎማው አልወርድ ብሎ በሆዱ ባረፈው አውሮፕላንዎ ውስጥ፣ የኋለኛው በር አጠገብ የነበረችው አስተናጋጅ ናት። ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መግለጫዎ አመሰግናለሁ። አውሮፕላኑ ነዳጁ እስኪያልቅ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆይቶ፣ በመጨረሻ አስፋልቱን በሆዱ እየፋቀና እሳት እየረጨ የቆመውን ነገር እርስዎ «መጠነኛ የቴክኒክ እክል» ሲሉት፣ «ማንም አልተጎዳም፣ አንድም ሰው አልቀረም» ብለውም ሲያጨበጭቡ፣ እኔ ምስኪኗ ነገር አጋንኜ እንደምኖር ገባኝ። አንድ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ባስረክብ የተማሪው እናት ሰፈር እስኪሰማ ትጮህብኛለች። ለካ ጎማ አጉድሎ ማጨብጨብም አለ! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲባል እሰማ ነበር፤ ራሱ ገርፎ ራሱን ሲሸልም ግን ያየሁት ገና አሁን ነው።

ሁለተኛ፣ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ በማሰብ ለማናችንም ስላልደወላችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ልጄ ባረፈች ቁጥር «እማ፣ ወርጃለሁ» ብላ ትደውልልኛለች። የዚያን ዕለትም «እማ፣ ወርጃለሁ» አለችኝ፤ እኔም «እሰይ፣ ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ዳቦ! እንዴት እንደወረደች የነገረኝ የጎረቤቴ ቴሌቪዥን ነው። ያ ዳቦ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናችሁ ጥሩ ነው፤ ይህን እንኳ ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ተሳፋሪው ሁሉ በመንሸራተቻው ከወረደ በኋላ፣ በጭሱ ውስጥ ወንበር ለወንበር እየሄዱ፣ መጸዳጃ ቤቱን እየከፈቱ «የቀረ ሰው አለ?» ብሎ መጣራት የልጄ ድርሻ ነበር። ተጣራች፤ የሚመልስላት ስታጣ እሷም ወረደች። እሰየው፣ የወለድኳትን አኮራችኝ። ክፋቱ፣ መጣራቱን መቼ እንደሚያቆሙት አላስተማራችኋትም። ምሳ አቅርቤ ሳለ ድንገት ብድግ ትልና ጓዳውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ መታጠቢያ ቤቱን እየከፈተች «የቀረ ሰው አለ?» ትላለች። ማክሰኞ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚስ የምትለካ ደንበኛዬን፣ ዚፗ እንኳ ሳይዘጋ፣ እጇን ይዛ እስከ መንገድ አስሮጠቻት። ሰፈሩ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግን የልጄ ድምፅ የአስተናጋጅ ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለና ትሑት፣ አንጀቴን የሚበላውም እሱ ነው።

አራተኛው የክሊኒካችሁ ጉዳይ ነው። ሐኪሙ እጅግ ቅን ሰው ናቸው፤ ልጄን መርምረው ከልባቸው አዘኑላት፤ የሕመም ፈቃድ ግን ሊሰጧት እንደማይችሉ በትሕትና አስረዱን። ለምን ቢሉ፣ ድርጅቱ ማንም እንዳልተጎዳ ለሕዝብ ተናግሯልና! «እናቴ፣ አለቃዬ የተጎዳ የለም ካሉ እኔ የተጎዳ ሰው ከየት ላምጣ?» አሉኝ። የተጎዳችው ሰው ፊታቸው ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አልኩና ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ስንተኛ እንደሆነ እንጃ፤ ንዴት ቁጥር ያስረሳል። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ሰኞ ጋዜጠኞችን ጭኖ እንደሚበር፣ ልጄም በዚያው በር አጠገብ ፈገግ ብላ ለፎቶ እንድትቆምና ሽልማት እንድትቀበል፣ ካልመጣች ግን ሥራዋን በፈቃዷ እንደለቀቀች እንደሚቆጠር የሚገልጽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ደርሶናል። እኔም እንጀራዋ እንዳይቋረጥ ብዬ፣ የተቀደደውን የዩኒፎርሟን እጅጌ ሰፍቼ፣ አጥቤ ተኮስኩት። ልትለካው ቆመች። ጣቶቿ ቁልፉን ማግኘት አቃታቸው። እንደ ሕፃንነቷ እኔው ቆለፍኩላት፤ ፊቷን ቀና ብዬ ሳይ ግን አንድ በአንድ መልሼ ፈታሁት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ልጄ ሰኞ አትመጣም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተጎድታለች» የምትል ቃል ይጻፉላት፣ ትታከም፣ ትረፍ። ሽልማቱም፣ ፎቶውም ይቅርብን። እርስዎ በዕለቱ ሪባን ቆርጠው ከታች እጅ እንደሚያውለበልቡ ሰምቻለሁ። አውሮፕላኑን ያን ያህል ካመኑት፣ የልጄ ወንበር ባዶ ነው፤ ቢቀመጡበት ቅር አይለንም።

ረጅም ዕድሜ፣ የማያባራ ጭብጨባና ሲጠሩ እሺ ብለው የሚወርዱ ጎማዎችን ከልብ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

እግሯን ከመሬት የማታነሳ አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ልጄ ተነስታ ጓዳውን ከፈተችና «የቀረ ሰው አለ?» አለች። እስከ ዛሬ «የለም ልጄ፣ ሁሉም ወርዷል» እያልኩ፣ ልክ እንደ እርስዎ መግለጫ እመልስላት ነበር። ዛሬ ግን መዋሸት ሰለቸኝ። «አለ ልጄ፣ አንቺ ቀርተሻል» አልኳት። እዚያው ጓዳው በር ላይ ቁጭ ብላ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። እናም መግለጫዎ ይታረምልኝ፤ አንድ ሰው ቀርቷል። አድራሻውን ለማፈላለግ አይድከሙ፤ ማስጠንቀቂያውን የላኩበት ቤት ነው።