ድግሱ የእኛ፣ ምርቃቱ የእነርሱ

ይድረስ በጅቡቲ ሙቀት ለምትንገበገቢው ለእህቴ ለወይዘሮ ዓለምዘውድ።

እትዬ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ያ ሳል ተወሽ ወይስ ዛሬም ቁጭ ያደርግሻል? ውሃው ጨው ጨው ይላል ብለሽ ነበር፤ ለመድሽው ወይ? እኛ፣ እናታችንም፣ ባለቤቴ አዛለችም፣ ልጆቹም፣ በሥጋ ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ጥሏል፤ በርበሬውም ሊተከል ነው። በልባችንም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልሽ ግን እግዜርም አይወደው። ደብዳቤውን የያዘልሽ ሙሀመድሰይድ የጎረቤታችን የሸምሶ የወንድም ልጅ ነው። የታመነ ሰው ስለሆነ እንደ ልቤ እጽፋለሁ፤ አንብበሽ ስታበቂ ለእሳት ስጪው።

በላክሽው ቃል «ልጄ ትምህርቱን ጨረሰልኝ ወይ?» ብለሽኛል። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በየካቲት ጣልያን የተማረውን እየለቀመ ሲፈጅ ባልሽም አብሮ አለቀ። አንቺ ልጅሽን ፈቃደን ለእኔ ትተሽ ስትሰደጂ «ከትምህርቱ እንዳታቆራርጥብኝ» ያልሽው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ሰይጣንም ቢያስተምር ይማር ብዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ከጣልያን ትምህርት ቤት አስገባሁት።

እዚህ ቡታጅራ ጣልያን በአንድ ግቢ ሁለት ትምህርት ቤት አለው። አንዱ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው፤ አራት የፈረንጅ ልጆች ይማሩበታል። ሌላው ከጎኑ የተለጠፈ ዳስ ነው፤ የእኛዎቹ አርባ ምናምን ልጆች ታጉረውበታል። የእኛዎቹ የጣልያንን ሰላምታ፣ እጅ አነሣስ ይማራሉ፣ ይዘምራሉ፣ የትምህርት ቤቱን ሹም ጎመን ይኮተኩታሉ። ፊደልና ቁጥሩ ለምልክት ያህል ነው። ልጅሽ ግን የአባቱ ልጅ አይደል? ሁለቱን የሚለየውን የሳንቃ ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ አመጣ። ወዲያ ማዶ የሚባለው ሁሉ በስንጥቁ ይደርሰዋል። ከፈረንጆቹ ልጆች አንዱ፣ የመንገድ ሥራው አለቃ ልጅ ጂኖ የሚሉት፣ ሂሳቡ አልገባ ሲለው በአጥር ሥር እየመጣ ፈቃደን ይጠይቀው ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው ወዲያ፣ የሚገባው ወዲህ ነበር።

የሹሙ አስተርጓሚ ገበያ መሀል ቆሞ፣ ሦስተኛ ክፍልን የጨረሰ አዲስ አበባ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ያልፋል ብሎ ለፍፎ ነበር። የማን ልጅ ብሎ የጠየቀ የለም። የሐዋርያት ጾም ሳይገባ፣ በግንቦት አጋማሽ፣ «ቅዳሜ የትምህርት መዝጊያ ነው፣ ወላጆች ይምጡ» ሲባል እኔ ሞኙ የገባኝ በአገራችን ደንብ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ ዳዊት ሲደግም ከብት ይታረዳል፣ የኔታ ይሸለማሉ፣ ልጁም በድግሱ የኔታን እጅ ያስታጥባል። ይህን ለሸምሶ ባጫውተው፣ ልጁ ሀቢቡ ከፈቃደ ጋር ይማራልና፣ «ወላሂ ባልቻ፣ በእኛም ልጅ ቁርአን ጨርሶ ሲያኸትም እንደዚሁ ነው» አለኝ። ተያይዘን ሞኝ ሆንን። እኔ ወይፈን ጣልኩ፤ እነሱም ለብቻቸው አረዱ። አዛለች ክትፎ ስትከትፍ ዋለች፤ የሸምሶ ሚስት ሳሌሃ ቆጮውን ጋገረች። ከመስቃን ገጠር ድረስ ወላጆች ቅቤና አይብ ተሸክመው መጡ።

ቅዳሜ ሹሙ ወጥቶ አራቱን የፈረንጅ ልጆች በየስማቸው ጠራ። ማኅተም ያለበት፣ በጥብጣብ የታሰረ ወረቀት ሰጣቸው። የጂኖ ስም ሲጠራ ፈቃደም አጨበጨበ። እኛ የልጆቻችን ስም እስኪጠራ ቆመን ስንጠብቅ ሹሙ ባርኔጣውን ደፍቶ ዞረ። አስተርጓሚውን ጠጋ ብዬ የእኛዎቹስ አልኩት። ለአገሬው ልጅ ከሦስተኛ በላይ ክፍል እንደሌለ፣ ወረቀትም እንደማይሰጠው፣ ጉልበት ያለው ሰኞ ለመንገድ ሥራ እንዲሰለፍ፣ ትንንሾቹም ቢፈልጉ ከአንደኛ እንዲጀምሩ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነገረኝ። ወድቀው ነው? ብዬ ብጠይቀው፣ «አልወደቁም ጋሽ ባልቻ፤ አልተፈተኑም» አለኝ። ከአራቱ ነጭ አራቱም ጨረሱ፤ ከአርባ ምናምኑ ጥቁር አንድም አልጨረሰ። ለካ ፈተናው ቆዳ ኖሯል፤ ጂኖ በእናቱ ሆድ ሳለ ያለፈው ፈተና።

ድግሱን አስጭኜ ልመለስ ስል የቅቤው ሽታ ሹሙ ዘንድ ደረሰና ይህ ለማን ነው ብሎ አስጠየቀ። አስተርጓሚው ፈርቶ ይሁን እኛን ሊያድን፣ ለእናንተ ልጆች ምርቃት ያመጡት ነው አለው። ሹሙ ደስ አለው፤ አገሬው ምስጋና ያውቃል አለ አሉ። ፈቃደ፣ አዛለች ለመምህሩ ማስታጠቢያ ብላ የሰጠችውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሞ ነበር። ሹሙ ትከሻውን ይዞ ወደ ጂኖ አዞረው። ጂኖ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው እጁን ዘረጋ። በደንቡ ተማሪ መምህሩን ያስታጥብ ነበር፤ የዚያን ቀን መምህሩ ተማሪውን አስታጠበ። እኔም ጠመንጃቸውን ፈርቼ ቆሜ አየሁ። የጂኖ እናት መጀመሪያ አፍንጫዋን ያዘች፤ ኋላ ግን ጨምሩልኝ አለች። እናቶቻችን ቆመው አሳለፉ።

ስንመለስ ለሸምሶ ነጭ የሠራንን ጉድ አየህ አልኩት። እሱም፣ «ባልቻ፣ ፊትም እኮ የመንግሥት ትምህርት ቤት የእናንተ የሹማምንት ልጆች ነበር፤ የመስቃን ገበሬ ልጅ በሩንም አያውቀው። አሁን አንተም መጣህልን፣ ተካከልን» አለኝ። ሳልዋሽሽ፣ ከጣልያኑ ይልቅ ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ እውነት ስለሆነ።

መከራው በዚህ አላበቃም። የጂኖ አባት፣ ፈቃደ ውሃ ሲያፈስ እጁ አልተንቀጠቀጠም ብሎ ወደደው። ለቤቱ አሽከርነት ጠየቀኝ፤ ጠየቀኝ ማለቴ ነገረኝ። ጂኖ በመስከረም አዲስ አበባ ትልቁ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ልጅሽም ሣጥኑን ተሸክሞ፣ ጫማውን እየጠረገ አብሮት ሊኖር ነው። ትምህርት ቤቱን ታውቂዋለሽ። ባልሽ ያስተምርበት የነበረው ነው፤ ዛሬ ጣልያን ለልጆቹ ወስዶታል። «የተማረ ይግደለኝ» ይባል ነበር፤ በእኛ ዘመን የተማረው ተገደለ። አባትየውን ተምሮ ጨርሷል ብለው ገደሉት፤ ልጅየውን ደግሞ አትጨርስም አሉት።

እኔ ወልቂጤ ዘመድ ዘንድ ልደብቀው ቆርጬ ነበር። እሱ ግን እሄዳለሁ አለኝ። የአባትህ ገዳዮች አሽከር ልትሆን ነው ወይ ብዬ ጮኽኩበት፤ ልመታውም እጄን አነሳሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እኔን ነው። እሱ ግን ንቅንቅ ሳይል፣ «አጎቴ፣ እዚያስ ግድግዳ የለም?» አለኝ። እጄ እንደተነሳ ቀረ። እንግዲህ እናቱ አንቺ ነሽ፣ ፍረጂ። ይሂድ ወይስ ልደብቀው? ጳጉሜ ሳይገባ ቃልሽ ይድረሰኝ።

እናታችን ጉልበትሽን እየሳመች ትመርቅሻለች ብል ትስቂብኛለሽ፤ ግንባርሽን እስማለሁ ብላለች። አዛለች ናፍቆቷ ብዙ ነው፤ ያን ማንቆርቆሪያ ሁለተኛ አላነሳውም ብላ ከቤት አውጥታዋለች። ሸምሶና ሳሌሃ አላህ ያገናኘን ይሉሻል። ሀቢቡ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ሰላምታውን በአባቱ ልኳል። ልጆቼ አክስታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ነው።

ፈቃደም እጅ ይነሳሻል። አባቱ ያስተምርበት የነበረው ክፍል ከበሩ ስንተኛው እንደሆነ፣ መስኮቱም በየት በኩል እንደሚገኝ ጻፊልኝ ብሏል።

ወንድምሽ ባልቻ
ቡታጅራ፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.