በስሜ የፈረመው

ውድ ዩሩብ፣

በአንድ ባል ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጣውንት ሆነን ስንኖር «ውድ» ብዬሽ አላውቅም። ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ያለን የጎልማሶች ትምህርት መምህሩ ነው። በሶማሊኛ ስንሰዳደብ ኖረን ዛሬ በአማርኛ የምጽፍልሽ፣ በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ስለሆነ ነው። ከመልካ ጀብዱ እስከ ከተማው ከዚራ ሰፈር ሩቅ አይደለም። የሰው ልብስ የምታጥቢበት ግቢ በር ላይ ሁለት ጊዜ ደርሼ ተመልሻለሁ።

በኮሮና ጊዜ ቲማቲማችን ማሳ ላይ በስብሶ ቀረ። መኪና የለም፣ ገበያ የለም። ከዚያ መንግሥት ለገበሬው ድጋፍ ሊከፍል ነው ተባለ። አንዱ ቀለም ውስጥ ሁሉም ጣቱን እየነከረ በሽታው እንዳይዛመት የጣት አሻራ ቀረና፣ መፈረም የማይችል የሚፈርምለት ሰው ይላክ አሉ። እኔ ሳል ይዞኝ ተኝቻለሁ። «አባዮ፣ እህቴ፣ አታስቢ፣ ያንቺንም ፈርሜ አመጣለሁ» ብለሽኝ ወጣሽ።

የራስሽን ገንዘብ ብቻ ይዘሽ ተመለስሽ። «ያንቺ ጠዋት ተፈርሞ ተወስዷል አሉኝ። ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

«አንቺው ነሻ» አልኩሽ።

በሳምንቱ ልጄ ሁዘይፋ አዲስ ስልክ ይዞ ገባ። ሥራ አልነበረውም። ከየት አመጣኸው ስለው «የጓደኛዬ ነው» አለኝ። ሲዋሽ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮውን ይነካል። ጆሮውን ነካ። አይቼ ዝም አልኩ። በማግስቱ የውሃ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ቁልፍ ካንቺ እጅ ይወሰድ፣ የእኔን የበላች የሁሉንም ትበላለች አልኩ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ ተራ ሲደርስ ነዳጅ አለቀ ይባል ጀመር። ማሳሽ ደረቀ። በዓመቱ ዕቃሽን ባጃጅ ላይ ጭነሽ ስትሄጂ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየሁሽ።

ባለፈው ወር ለመሬት ደብተር ጉዳይ ቢሮ ስሄድ የድሮው የድጋፍ ክፍያ ዝርዝር ወጣ። ስሜን አነበብኩት። ከጎኑ «ስለ እናቴ፣ ሁዘይፋ ሙመድ» ይላል፤ ጽሑፉ ያምራል። አልደነገጥኩም። ክፋቴ አለመደንገጤ ላይ ነው፣ ዩሩብ። አለማንበቤ መደበቂያዬ ነበር።

እሁድ ዕለት ማኅበሩ ያንቺን የውሃ ድርሻ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ተሰበሰበ። ተነስቼ፣ ዩሩብ አልወሰደችም፣ የወሰደው ልጄ ነው አልኩ።

ሊቀመንበሩ ዐብዲናሲር ሳቀ። «እማ ፋርቱን፣ አቦ ተይን። ኮሮናው ራሱ ተረሳ እኮ።»

«ፊደል ስትቆጥር ሌባ ማደን አማራት» አለ አንዱ ከኋላ።

ሁዘይፋ ተነሳ። «እናቴ አርጅታለች፤ ይቅርታ አድርጉላት።»

«ያኔ አላረጀሁም» አልኩት። «ያኔም አውቅ ነበር።»

ከዚያ የሳቀ የለም። ዐብዲናሲር እስከ ወሩ መጨረሻ ዩሩብ ራሷ መጥታ ድርሻዋን ትረከብ፣ ካልመጣች ግን ለሌላ ይሰጣል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ብዬሻለሁ ብትዪኝም አላምንሽም። የምለምንሽ ቶሎ እንድትመጪ ነው። ሁዘይፋ ከእሁድ ጀምሮ እኔ ቤት እህል አልቀመሰም። በየቀኑ በር ላይ ቆሞ «ተሳስቼ ነው በያቸው» ይለኛል። ትናንት «እስቲ ላስብበት» ብዬዋለሁ። ከእሱ በቀር ማንም የለኝም፤ አንድ ጊዜ በእሱና ባንቺ መካከል ስመርጥ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ ይህን ወረቀት ይዘሽ ነይ። ከመጣሽ በኋላ ፊትሽ ቆሜ ብክድ፣ አንብቢላቸው።

ፋርቱን