ኤርሲሊያን ማክሰኞ ማታ አንጠራትም

ለክቡር የቤዝቦል ሊጉ ፕሬዚዳንት
ሳንቶ ዶሚንጎ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ቢሮዎን እንደ ዋሻ የሚያቀዘቅዝልዎ መሣሪያም ጭምር እንደምን ከርማችኋል? እኛ የላ ሴይባ ሰዎች፣ የስኳር ፋብሪካችን ከተዘጋብን ወዲህም ቢሆን፣ አዲሱ የውድድር ዘመን መርሐ ግብር እስከወጣበት እስካለፈው ሐሙስ ድረስ ደህና ነበርን። ኤራስሞ ፔጌሮ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሸንኮራ ስቆርጥና የበሬ ጋሪ ስነዳ ስለኖርኩ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የሚጽፍልኝ ፀጉር አስተካካያችን ራዳሜስ ነው። አንዳንዱን ቃል ላለስልሰው ብሎ ለምኖኝ ነበር። "አንተ ማለስለስ ያለብህ የሰው አገጭ ነው፣ የኔን አፍ እንዳለ ተወው" ብዬዋለሁ። ስለዚህ የሚጎረብጥ ነገር ቢያገኙ የእኔ ነው።

መርሐ ግብሩ በሬዲዮ ሲነበብ ሁላችንም እዚያው ፀጉር ቤት ነበርን፤ ግማሾቻችን ፊታችን ላይ ሳሙና እንዳለ። እኛ ዘንድ ሠርግም ክርስትናም የሚቀጠረው ይህ ወረቀት ከወጣ በኋላ መሆኑን ምናልባት አያውቁ ይሆናል። አንባቢው "እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ባለሜዳ ላ ሴይባ" ሲል አጨበጨብን፤ ራዳሜስም ምላጩን ይዞ ስለጨፈረ አንድ ሰው ጆሮውን ሊያጣ ነበር። ከዚያ አንባቢው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ ጨዋታው የሚደረገው ባሕር ማዶ፣ በባዕድ ከተማ መሆኑን ነገረን። አንዱ "ዝጋው ይሄን ሬዲዮ" አለ። ሌላው "ቆይ እንጂ፣ ይጨርስ፤ ሌላ እሁድ ይኖር ይሆናል" አለ። ጠበቅን። አንባቢው ጨረሰ። ሌላ እሁድ አልነበረም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ በራሳችን ሜዳ የምንጫወታቸውን ጨዋታዎች በሙሉ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ስላደረጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ሸንኮራ ሰፈሮቹ የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና ጨዋታው ሳይጀመር ስለሚሄድ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በጨለማ በእግሩ እንዲንሸራሸር አስበውልኛል። ሐኪም እንኳ ይህን ያህል አላሰበልኝም። እሁድ የቴሌቪዥን ቀን ነው፣ እሁድ የዋና ከተማው ሜዳ ቀን ነው ተብሎ ተነግሮናል። እኛ ደግሞ እሁድን የፈጠረው ሌላ ይመስለን ነበር።

ሁለተኛ፣ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ ለመግባት ቪዛ እንደሚያስፈልገው በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ያችን አንዲት እሁድ የእኛ ናት ብለው ባሕር ማዶ ወስደዋታል። የሰው ላም ነድቶ ወስዶ "ወተቷ የናንተ ነው፣ መጥታችሁ ጠጡ" የሚል ደግ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም ነበር።

ሦስተኛ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ራዳሜስን እስክሪብቶህን አስቀምጥ አልኩት። ክቡርነትዎም ትንሽ ይታገሡኝ።

ፋብሪካው በነበረበት ዘመን ካቦው ገና ጎህ ሳይቀድ ስማችንን ይጠራ ነበር። አንዱ ታሞ የቀረ እንደሆነ የቀን ሥራው እንዳይቃጠልበት ጓደኛው ከጨለማው ውስጥ "አለ" ይልለታል። ካቦው ያውቅ ነበር፤ ግን ያልፈዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ ይህን ወግ ወደ ሜዳ ወሰድነው። በየዓመቱ በሜዳችን በሚደረገው የመጀመሪያው እሁድ፣ ካህኑ የቀትሩን ቅዳሴ ጨርሰው ልብሰ ተክህኖአቸውን እንደለበሱ ይመጣሉ፤ ሁለቱም ቡድኖች ቆባቸውን አውልቀው ይሰለፋሉ፤ ድምፅ ማጉያውን የያዘው ኦኔሲሞ በዓመቱ ውስጥ የሞቱብንን ደጋፊዎች አንድ በአንድ ይጠራል። ቤተሰቡ ካለበት ወንበር ተነሥቶ "አለ" ይላል፣ ለሴት ከሆነ "አለች"። ያኔ ነው ጨዋታው የሚጀመረው። ያልተመለሰለት እንደቀረ ይቆጠራል።

ዘንድሮ ከሚጠሩት አንዷ ባለቤቴ ኤርሲሊያ ናት።

እርስዎ አያውቋትም፤ ዳኞችዎ ግን ያውቋታል። በሦስተኛው ቤዝ፣ ሯጩ ሩጫውን ከመጨረሱ በፊት በሚረግጠው የመጨረሻ ማዕዘን በኩል ባለው በር ላይ በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ትሸጥ ነበር፤ ምጣዷን ለጎረቤት አደራ ብላ እየገባችም ትጮህባቸዋለች። "ዳኛዬ፣ ልጃችን ቀድሞ መድረሱን ርቦህ ነው ያላየኸው፤ ና ብላና ደግመህ እየው" ትላቸው ነበር። አንዱ ዳኛ በእረፍት እውነትም መጥቶ በላ። "አሁን እንዴት ነው፣ ታየህ?" ስትለው "እማማ፣ ልጃችሁ አሁንም አልደረሰም፣ ውጪ ነው፤ ቂጣው ግን ልክ ነው" አላት። ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅ ከረመች።

የሞተችው ዝናቡ ሲገባ ነው። ሲደክማት "ኤራስሞ፣ እሁዴን እንዳታስነጥቀኝ" አለችኝ። "ማን ይሙትና፣ ዝም ብለሽ ተኚ" አልኳት። "ማን እንደሚሞት አውቃለሁ፤ አንተ ቀኑን ብቻ ጠብቅልኝ። ኦኔሲሞን ደግሞ ስሜን እንዳያሳጥር ንገረው፣ የአባቴንም የእናቴንም ወገን ይጥራ" አለች። እሺ አልኳት። ሰጥቼ የማላውቀውን ዓይነት ቃል ሰጠሁ፤ መርሐ ግብሩን የማወጣው እኔ ይመስል።

ይህንኑ ለቢሮዎ በስልክ ተናግሬ ነበር። ያነጋገረኝ ወጣት በጣም ጨዋ ነው፣ ወላጆቹ ይባረኩ። "ዶን ኤራስሞ፣ አይዘኑ፤ ማክሰኞ ማታ በሁለት ማስታወቂያዎች መካከል ስሟን እናስገባልዎታለን" አለኝ። የምን ማስታወቂያ ነው ብዬ ጠየቅሁት። "አንዱ የቢራ ነው፣ አንዱ የቀብር መድን" አለኝ። እኔም "ልጄ፣ ቢራውን ሐኪም ከልክሎኛል፣ ቀብሩንም ጨርሰናል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ልጃችን በዋና ከተማው በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ እመቤቷ የምትለቃት እሁድ ብቻ ነው። ማክሰኞ ማታ እናቷ ስትጠራ እሷ የሰው ሳህን ታጥባለች። የሌላውም ልጅ እንዲሁ ነው። መንደራችን ሙሉ ሆኖ የሚገኘው እሁድ ብቻ ነው፣ ክቡር ሆይ። ማክሰኞ የሚቀሩት ሽማግሌዎችና ውሾች ናቸው፤ ውሾቹም ቢሆኑ በጊዜ ይተኛሉ።

ስለዚህ እንዳይቸገሩብን ብለን የሚከተለውን ወስነናል። የውድድሩ ዘመን በተከፈተ በመጀመሪያው እሁድ፣ ቡድናችን ባሕር ማዶ ሲጫወት፣ እኛ ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ሜዳችን እንሄዳለን። ጨዋታ የለምና በሮቹ በትእዛዝዎ እንደሚቆለፉ ተነግሮናል። ቁልፍዎን አንነካም። በሦስተኛው ቤዝ በኩል ካለው በር ውጭ፣ የምጣዷ ጥላሸት ግድግዳው ላይ ከቀረበት ቦታ እንቆማለን። ኦኔሲሞ ያለ ድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ጉሮሮው አርጅቷል፣ ግን እኛም ሩቅ አንቆምም። ስሟን ሳያሳጥር፣ ኤርሲሊያ ሞንቴሮ ሴጉራ ብሎ ሲጠራ፣ እኔና ልጄ እንመልሳለን። ተጋጣሚ ስለሌለን የሚያሸንፈን የለም። ቴሌቪዥንዎም ስለማይመጣ ማንም አያቋርጠንም። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ግን ግማሹ እውነት ነው።

ክፉ አይንካዎት፤ ወንበርዎ ይጽናልዎት፤ የሚቀጥለውን መርሐ ግብር ሲያወጡ እጅዎ እንዳይደክም እየጸለይኩ፣ ቆቤን በእጄ ይዤ እሰናበታለሁ።

ሜዳው የሩቅ፣ እሁዱ የሰው የሆነበት ደጋፊዎ
ኤራስሞ ፔጌሮ፣ ከላ ሴይባ
(በጣቱ አሻራ)

ደብዳቤው ከተዘጋ በኋላ የታሰበኝ፦ ሞት ከቢሮዎ ፈቃድ ስለማይጠይቅ፣ እርስዎም አንድ ቀን፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ መሄድዎ አይቀርም። ያን ጊዜ በዋና ከተማው ትልቅ ሜዳ ከማስታወቂያ የተረፈ ቦታ ቢጠፋ ስምዎን ወደ እኛ ይላኩልን። እሁድ ከሰዓት በኋላ ኦኔሲሞ ይጠራዎታል። "አለ" የሚልልዎት ሰው ከየት እንደምናገኝ ግን እስካሁን አላወቅንም። ኤርሲሊያ ብትኖር እሷ ትልልዎት ነበር፤ ቂም አታውቅም። ቂም የምይዘው እኔ ነኝ።