ሰማያዊዎቹ የደወል አበቦች

ለውዷ ልጃችን፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ቤት ከናፍቆትሽ በቀር አቤት የሚያሰኝ ነገር የለም።

በጥልቅ ኀዘን የምገልጽልሽ፣ ዘራቸውን ከላክሽልን የደወል አበቦች ግማሾቹ በገዛ አሳዳጊያቸው እጅ መነቀላቸውን ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ፣ እንዳዘዝሽኝ አፈር ሳላለብሰው ከላይ በተንኩት። እሱም በቀለ። ከዚያ ቡቃያውን አረም ነው ብዬ ነቀልኩና አረሙን በፍቅር ሳጠጣ ከረምኩ።

እናትሽ ስታይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የምታሳድገው?» ብላ ጮኸች።

«እንግዳ ማስተናገድ ነውር ሆነ እንዴ?» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። ኋላ ግን ሳቋን አቋርጣ ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

ትናንት ደግሞ በሩ ላይ የተሰቀለውን የራሴን ካፖርት ከወንበሬ ተነሥቼ «ይግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆምዎታል?» ብዬዋለሁ። ሰው አክባሪነቴን ታውቂው የለ! እናትሽ ለሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ፊደሎቼ የገዘፉት ወረቀት ስለተረፈኝ ነው።

የተረፉት አበቦች ትናንሽ ደወሎቻቸውን አንጠልጥለው አብበዋል። ሰማያዊነታቸው ልብ ይሰርቃል። አንቺ ግን ሥራሽን ጨርሺ፤ አትቸኩዪ።

ደጃችንን ረግጠሽ ለመሳሳም ያብቃን።

አባትሽ

እርማት፦ ከላይ «ሰማያዊ» የተባሉት አበቦች ነጭ መሆናቸውን እናትሽ ስላረጋገጠች በዚሁ ይስተካከል። «አትቸኩዪ» የሚለውም ተሽሮ፣ «ሳይረግፉ ድረሺልኝ» ተብሎ ይነበብ።