በይስማው አንገት ላይ

ጥር 19፣ ገብርኤል፣ ጠዋት

አንገቱን አትንኩት አልኩ እንጂ ልጄ ይሙት አላልኩም። አንተ ደብተር፣ እንዲህ አፍጥጠህ አትየኝ። በግም የሚታረደው ባንገቱ ነው።

ይስማው ልጄን ከአምበር ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ያመጣነው ጉበቱ ታሞ ነው። ሆዱ በውኃ ተነፍቷል፣ ዓይኑ እርድ መስሏል። ክንዱን ወጋጉት፣ ሥሩ ጠፋ። መድኃኒቱ መግቢያ አጣ። አሁን ባንገቱ ትልቁ ሥር ቱቦ እናስገባ ይላሉ። ጉበት የታመመ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም ያሉኝም እነሱው ናቸው። ታዲያ ቢፈስስ ማን ያቆመዋል? ከጎናችን ባሏን የምታስታምም፣ ከአማኑኤል ከተማ የመጣች ሴት አለች። እርጉዝ በሚታይበት አልትራሳውንድ እያዩ ነው የሚወጉት አለችኝ። ልጄ አርግዟል እንዴ፣ አልኳት። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ሄጄ ይግባ አልኳቸው።

ጥር 20፣ ከሰዓት

ቱቦው ገባ። ዶክተሯ የልጅ ልጄን ታክላለች። አንገቱ ይጸዳ ብላ ማተቡን ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው። ሥሩን በስክሪን አሳየችኝ፣ ጥቁር ክብ ነገር። ድሮ በግምት ነበር፣ ዛሬ መርፌው የሚሄድበትን እናያለን አለች። እውነቷን ነው፣ ደሙ ጠብ ብሎ ቆመ። በፕላስተር ሸፈኑት።

«እማማ፣ መርፌው አለፈ። አሁን የሚያስፈራው ያልታጠበ እጅ ነው። እዚህ ላይ ማንም አይንካ።»

እሺ አልኳት። እሺ ለማለት አፌ መች ይሰንፋል።

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም፣ ጠዋት

ጉድ ሠራሁ። ትናንት አመሻሽ አንገቱን ባዶ ሆኖ አየሁት። እንዲህ እንዳለ ቢጠራ፣ ያለ ማተብ ምን ብሎ ይቀርባል? ነርሷ ዞር ስትል መልሼ አሰርኩለት። ክሩ አሮጌ፣ ላብ የጠጣ። ሲገላበጥ ፕላስተሩን ይዞ አነሣው። ደም አየሁ። በዚሁ ባልታጠበ ጣቴ መልሼ ለጠፍኩት፣ ማተቡንም ፈታሁ። ማንም አላየኝ።

ዛሬ ያንቀጠቅጠዋል። ገላው እሳት። ዶክተሯ መጥታ ትኩሳቱ ከየት መጣ አለች። ዝም አልኩ፣ እኔ! የአማኑኤሏ ሴት ምነው አፍሽ ተለጎመ አለችኝ።

ብናገር ከክፍሉ ያስወጡኛል። ማን ያስታምመዋል? ባልናገር ደግሞ ሆዱ ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ። ነገሩ ያለው አንገቱ ላይ፣ እኔ የነካሁት ላይ። ልጄ በኔ ዝምታ አይሞትም። ያስወጡኝ። ደጅ እቀመጣለሁ።

ነርሷ በሩ ላይ ሆና የይስማው አስታማሚ እያለች ትጣራለች። ዶክተሯም ከኋላዋ አለች። አፌ ሳይከዳኝ አሁኑኑ ልንገራት።