የጎመን መደቤና የዘበርጋ ምሕረት

እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ከዘበርጋ ጋር አንድ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ሜዳ የሁላችንም ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ የዕድሩ ድንኳን ይተከልበታል። ያ ጣውላ ነጋዴ ዘበርጋ ግን ሩቡን በቆርቆሮ አጥሮ ጣውላውን ሲከምርበት ከረመ። ወረዳው ደግሞ፣ "ሁላችሁም ተስማምታችሁ ካልፈረማችሁ የሕዝብ ቦታ ብለን አንከልልላችሁም" አለን። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ማስማሚያ ሐሳብ አመጡ፦ ዘበርጋ ቆርቆሮውን ያነሳል፣ እኛ ደግሞ በመግቢያው ጥግ ጣውላ እንዲያራግፍ እንፈቅድለታለን። ቀምቶ የኖረ ሰው ጭራሽ ይሸለማል ወይ ብዬ ተጨቃጨቅኩ። የሰማኝ የለም።

ከዚያ ወሰኑን ለመለየት ሲባጎ ተወጠረ። ሲባጎው በጓሮዬ አልፎ የጎመን መደቤን ወደ ሜዳው አስገባው። በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ እየገፋሁ እንደወጣሁ እኔው አውቃለሁ። ዘበርጋ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ለጋሽ ታደሰ ቀስ ብሎ፣ "የእትዬ አልማዝ ጎመን እስኪደርስ ይቆይላቸው፣ ምን ቸገረን" አላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ አመሰገነው። እሱን!

"በይ እንግዲህ ፈርሚ፣ አልማዝ" አሉኝ ጋሽ ታደሰ። ከእሱ ስም ሥር ፈረምኩ።

ጎመኑ አንድ ሳምንት ቢቆይ ይደርስ ነበር። ነገ ጠዋት ግን ከነሥሩ ነቅዬ ለዶሮዎቹ እሰጠዋለሁ። የዘበርጋን ምሕረት ቀቅዬ አልበላም።